ያልጮኸው ቃጭል

ሶስት ሳምንት ሙሉ የለፋሁበትን ቃጭል ባለፈው ቅዳሜ አንጠልጥዬ በጥፍሬ ነካ አረኩት። ዱብ አለ። ድጋሚ መታሁት፣ ዱብ። የቲማቲም ጣሳ እንኳን ከሱ የተሻለ ይጮሃል። ሲያምር ደሞ! ወርቅ መስሎ፣ አፉ እንደ አበባ ተከፍቶ፣ እዩኝ እዩኝ እያለ፣ ድምፅ ግን የለም። በጣም ያበሸቀኝ ምን መሰላችሁ፣ አርብ ማታ ይጮህ ነበር። ቀጭን ብትሆንም "ቂል" የምትል ድምፅ ነበረችው። እኔው ነኝ ላሳምረው ብዬ ለመጨረሻ ጊዜ እሳት አስነክቼ የገደልኩት።

ከመጀመሪያው ላውራላችሁ።

ቃጭሉ የተሰራው ከጥይት ቀለህ፣ ማለትም ባሩዱ ከሚገባበት የናስ ቅርፊት ነው። አያቴ ሲያርፉ አንኮበር፣ ጎረቤላ ያለው ቤት ውስጥ ከቀሩት እቃዎች አንዱ ዝናር ነበር፣ ቆዳው ደርቆ እንደ ዛፍ ቅርፊት ይሰባበራል፣ ኪሶቹ ውስጥ ግን 23 ባዶ የውጅግራ ቀለህ ተሰክቶበታል። ጠመንጃው ድሮ ነው የሄደው፣ ማን ወሰደው የሚለው ጉዳይ አሁንም ቤተዘመድ ውስጥ ጭቅጭቅ ስለሚያስነሳ እሱን እንለፈው። ልጅ ሆኜ አባባ ለምንድነው ባዶውን ያስቀመጡት ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፣ "ቀለህ ይጣላል እንዴ! ድሮ እኮ ባሩድ ይሞላና እንደገና ይተኮሳል" አሉኝ። ያኔ አልገባኝም። ለካ ጥይት ራሱ እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ላይ መገበያያ የነበረበት ዘመን ነበር፣ ብር ተመንዝሮ መልሱ ጥይት የሚሆንበት ማለት ነው። እና እሳቸው ለኔ ቆሻሻ የሚመስለኝን ነገር እንደ ሳንቲም ነበር የሚያዩት።

ለማያውቅ ሰው፣ ውጅግራ የሚለው ስም ፉዚል ግራ ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው፣ ግራ ደሞ የሰራው መኮንን ስም ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1874 ሞዴል ነው። አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ ቀለሁ ራሱ 59 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ማለትም የዛሬው ክላሽ ቀለህ አጠገቡ ሲቆም ልጁ ነው የሚመስለው። የኛ ሰው ደሞ የፈረንጅ ስም ማኘክ ይችልበታል፣ ስናይደሩ ሰናድር፣ ቤልጂኩ በልጅግ፣ ማንሊኸሩ ምንሽር ሆኖ ቀረ። አንኮበር ላይ የጠመንጃ ወሬ ብርቅ አይደለም መቼም። ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ ገጣሚ ራሱ በ1887 እንደ ፈረንጆቹ ከታጁራ ያረጀ ጠመንጃ ግመል ላይ ጭኖ አንኮበር ገብቶ፣ ምኒልክ እንጦጦ ናቸው ሲባል እዛ ድረስ ተከትሎ ሄዷል። ነጋዴም እንደዚ ይንከራተታል ያኔ።

እሺ፣ ዝናሩን ደብረ ብርሃን ይዤው መጣሁና ቀለሆቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ ሳያቸው 7ቱ አንገታቸው ላይ ተሰንጥቀዋል። ቀጥ ያለ፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ፣ ከአፉ ጀምሮ ወደ ትከሻው የወረደ። የተመታ ነገር የላቸውም፣ አልተጣመሙም፣ ተሰቅለው ዝም ብለው ነው የተሰነጠቁት። እርጅና ነው ብዬ ልተወው ነበር፣ ግን ብረት አይደለም ዛገ እንዳልል፣ ናስ ነው።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ሳነብ ነው፣ እና በጣም ነው የገረመኝ። እንግሊዞች ህንድ ውስጥ በነበሩ ጊዜ ጦራቸው ጥይቱን በክረምት የፈረስ ጋጣ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፣ ዝናቡ ሲያልፍ ሲያወጡት ቀለሁ ተሰነጣጥቆ ያገኙታል። ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ አልታወቀም ነበር፣ በ1921 በነሱ አቆጣጠር ነው ቁርጡ የታወቀው፦ ከፈረሱ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ነው። ግን አሞኒያው ብቻውን አይደለም። ቀለሁ ፋብሪካ ውስጥ ተስቦ ተስቦ ሲሰራ ናሱ ውስጥ ውጥረት ይቀራል፣ እንደተወጠረ ጅማት በሉት፣ አሞኒያው ያንን የተወጠረ ቦታ ፈልጎ ይበላዋል። መፍትሄው ደሞ ቀላል ነበር፣ ቀለሁን በልኩ አሙቆ ውጥረቱን ማስለቀቅ።

ይሄን ሳነብ ወዲያው ፊቴ ላይ የመጣው የአያቴ ቤት ነው። ዝናሩ የሚሰቀለው ከምሰሶው ላይ፣ ከምሰሶው ስር የበቅሎዋ ጋጣ። ጎረቤላን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጉሙ ቤት ድረስ ገብቶ ነው የሚቀመጠው፣ ለብርዱ ሲባል ከብቱም በቅሎውም እዛው ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ማታ ማታ የሽንቱ ሽታ አይን ያቃጥላል። እንግዲህ ስንት አመት እንደዛ ተሰቅሎ ኖሯል። በእርግጠኝነት በቅሎዋ ናት ማለት አልችልም፣ እኔ ግን በቅሎዋን ነው የምጠረጥረው፣ ነፍሷን ይማረውና።

እና ከዛ ነው ይሄ ናስን በእሳት የማለስለስ ነገር አእምሮዬ ውስጥ የገባው። መጀመሪያ ያሰብኩት 7ቱን አውጥቼ የቀሩትን ከስንጥቅ ላድን ነበር፣ ቆይቶ ግን ከተሰነጠቁት አንዱን ቆርጬ የሆነ ነገር ልስራበት አልኩ፣ የእህቴ ልጅ ደሞ የመንዝ ጠቦት ተገዝቶላት ቃጭል ቃጭል ስትል ነው የሰነበተችው።

ናስ ምን አይነት ፀባይ እንዳለው ለማወቅ ሽቦ ያዙ። ወዲህ እጠፉት፣ ወዲያ እጠፉት፣ መጀመሪያ ላይ እሺ ይላል፣ ሲደጋገም ይጠነክራል፣ በኋላ ቀጭ ይላል። ሁላችንም ፒንሳ ስናጣ ሽቦ የቆረጥነው እንደዛ ነው። ናስም ያው ነው፣ በመዶሻ በመታችሁት፣ በጎተታችሁት፣ በጠመዘዛችሁት ቁጥር እልህ እየያዘው ይሄዳል። ከዛ ሲያልፍ ይሰነጠቃል። የቀለህ ናስ 70 ከመቶው መዳብ ነው፣ 30ው ዚንክ፣ እና ይሄ ድብልቅ ከሌላው ናስ ይልቅ ለመሳብና ለመለጠጥ ይመቻል፣ ለዛም ነው ለቀለህ የተመረጠው። እልሁን የሚያበርደው ግን እሳት ብቻ ነው። ከ425 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ ላይ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ቅንጣት እንደ አዲስ ይደራጃል፣ ልክ እንዳልተመታ ይሆናል፣ ከዛ እንደገና ትመቱታላችሁ፣ ሲጠነክር እንደገና እሳት። ፋብሪካውም ያንን ነው የሚያደርገው፣ ከአንዲት ክብ ጠፍጣፋ ናስ ጀምሮ ሲስብ ሲያለሰልስ ሲስብ ሲያለሰልስ ነው ቀለህ የሚሆነው።

አሁን የኔን ስራ ቦታ ላሳያችሁ። ከቤቱ ጀርባ፣ ከማድ ቤቱ ጎን፣ ሁለት ብሎኬት፣ አንድ አሮጌ የከሰል ማንደጃ፣ ከጓደኛዬ የተዋስኩት ሞርሳ፣ ሲጌቶ፣ ሁለት ሞረድ፣ ፒንሳ፣ እና የፀጉር ማድረቂያ። የፀጉር ማድረቂያው የእህቴ ነው፣ የወናፍ ስራ ነው የሚሰራው፣ እሷ ስታነብ እንዳትሰማኝ። መጀመሪያ አንዷን የእጅ ጋዝ ገዝቼ ነበር፣ ያቺ ላይተር ጋዝ የምትሞላዋን፣ ታህሳስ ላይ በደብረ ብርሃን ውርጭ ጠዋት ጠዋት እፍ አልል ብላ ጣልኳት። ከሰሉ ይሻላል፣ ልምድ ካለው እጅ ጋር ማለቴ ነው፣ እኔ ጋር እንኳን መጀመሪያ ላይ አልተሻለም።

የመጀመሪያው ስህተቴ ፀሐይ ላይ መስራቴ ነው። ቅዳሜ ስድስት ሰአት፣ ጠራራ ፀሐይ፣ ቀለሁን በጉጠት ይዤ ከሰሉ ውስጥ አስገብቼ ቀይ እስኪሆን እጠብቃለሁ። አይቀላም። ይባስ ብዬ ማድረቂያውን አበራሁት። አሁንም አይቀላም። ትንሽ ቆይቶ ከአፉ ላይ ነጭ ጭስ ተነሳ፣ ወዲያው ጠርዙ እንደ ቅቤ ሽብሽብ አለና ከሰሉ ላይ ተንጠባጠበ። አለቀ፣ አንድ የመቶ አመት ቀለህ።

ምን ሆኖ መሰላችሁ፣ ቀልቶ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላየሁት። ናስ የሚፈለግበት ሙቀት ላይ ሲደርስ የሚያሳየው ቅላት በጣም ደብዛዛ ነው፣ ጨለማ ውስጥ ብቻ የምትታይ፣ እንደ ዳመራ አመድ ውስጥ እንደቀረች ፍም። ፀሐይ ላይ ቀይ ሆኖ ከታያችሁ እጅግ አልፏል ማለት ነው፣ መቅለጫው ከ915 ዲግሪ ጀምሮ ነው፣ እና ከብርቱካንማው እስከ መቅለጡ መሀል ያለው ጊዜ አንድ ጊዜ አፍንጫ ለመጥረግ አይበቃም። ስለዚ ከዛ በኋላ የምሰራው አስራ ሁለት ሰአት ካለፈ በኋላ ነው፣ መብራቱን አጥፍቼ፣ ማድ ቤት ውስጥ በሩን ከፍቼ። እናቴ "ጠንቋይ ሆነሃል እንዴ አንተ ልጅ፣ ምንድነው በጨለማ እሳት ይዘህ የምትቀመጠው" ትላለች። ጨለማ ውስጥ ግን ይታያል። መጀመሪያ ናሱ ይጠቁራል፣ ከዛ የሆነ ሐምራዊ ነገር ይመጣል ይሄዳል፣ ከዛ አንገቱ ላይ፣ ስሱ ቦታ ላይ፣ አለች ወይስ የለችም የምታሰኝ ቅላት ብቅ ትላለች። እዛ ላይ ማውጣት ነው። አለች ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁ አለች።

ስለ ነጩ ጭስ ደሞ እዚ ጋር አንድ ነገር ልበል። ያ ጭስ ዚንኩ ነው። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ከናሱ ውስጥ ወጥቶ አየር ላይ ነጭ ብናኝ ይሆናል፣ ያንን የሳበ ሰው ከጥቂት ሰአት በኋላ ብርድ ብርድ፣ ትኩሳት፣ የአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ ልክ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። እኔ ያን ለሊት ተንቀጥቅጬ አድሬያለሁ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ መስሎኝ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ። በማግስቱ ለቀቀኝ። ወተት ጠጣ ወተት ያወጣዋል ያሉኝ ሰዎች ቁጥር ስፍር የለውም፣ ወተቱን ጠጣሁ፣ ጥሩ ወተት ነበር፣ ግን ሳንባ ውስጥ የገባን ነገር ሆድ ውስጥ በገባ ወተት ማውጣት እንዴት እንደሚቻል የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። በሩን ክፈቱ፣ ነጭ ካያችሁ ከእሳቱ አውጡ፣ ራቁ፣ ይሄው ነው።

ሁለተኛው ነገር ውሃ ነው። እኛ ሀገር ብረት ሲባል ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቢላዋና ማጭድ ነው፣ ማጭድ በእሳት ግሎ ውሃ ሲጠጣ ይጠነክራል። እና እኔም የጋለውን ናስ ውሃ ውስጥ ከከተትኩት ይጠነክርብኛል ብዬ ፈርቼ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እስኪበርድ እጠብቅ ነበር፣ ግማሽ ሰአት ቁጭ። ለናስ ግን ውሃ ምንም አያረገውም። ቸስ ብሎ ይበርዳል፣ ለስላሳነቱ እንዳለ ነው። በዝግታ ቢበርድም በውሃ ቢበርድም ያው ነው። የማጭዱን ትምህርት ለናስ ማምጣት ሌላም ጣጣ አለው፣ ብረት እንደጋለ ነው የሚቀጠቀጠው አይደል የሚባለው፣ ናሱን ፍም መስሎ እያለ መስፉ ላይ አስቀምጬ አንድ ጊዜ ጠብ ሳረገው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረካከሰ። ናስ በርዶ ነው የሚመታው። እሳቱ ለማለስለስ፣ መዶሻው ለብቻ፣ ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ምክንያቱም የቃጭሌ ጣጣ ከዚ ጋር ነው የተያያዘው።

ወታደር የሚተኩሰውን የናስ ቀለህ አይታችሁ ከሆነ፣ የኤምአስራአራት ወይ የጂስሪ፣ አንገቱ አካባቢ ሰማያዊና ቡናማ የሆነ እድፍ የሚመስል ነገር አለበት። እኔ ሁሌ የባሩድ ጥላሸት ይመስለኝ ነበር። አይደለም፣ ሳይተኮስም አለ። ፋብሪካ ውስጥ መጨረሻ ላይ አንገቱ ብቻ እሳት ሲያስነኩት የቀረ የሙቀት ቀለም ነው፣ ለሲቪል የሚሸጠውን ይወለውሉታል፣ የወታደሩን ግን እንዳለ ይተዉታል። አንገቱ ብቻ! ቂጡ ግን እንደጠነከረ ይቀራል፣ ምክንያቱም ሲተኮስ ያንን ሁሉ ግፊት የሚሸከመው ቂጡ ነው፣ እሱ ከለሰለሰ ጠመንጃው ተኳሹ ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው። አንገቱ ደሞ አረሩን ጨብጦ ይዞ ሲተኮስ ሰፋ ብሎ ጥይቱ የሚቀመጥበትን ጎሬ መድፈን አለበት፣ ስለዚ መለስለስ አለበት። አንድ ቁራጭ ናስ፣ ሁለት ፀባይ። ፈረንጅ ሀገር ቀለህ እየሞሉ ኢላማ የሚተኩሱ ሰዎችም ጭንቀታቸው ይሄው ነው፣ ደጋግሞ የተተኮሰ ቀለህ አንገቱ ይጠነክርና ይሰነጠቃል፣ አንገቱን ለጥቂት ሰከንድ እሳት ያስነኩታል፣ ሙቀቱ ወደ ቂጡ እንዳይወርድ አንዳንዶቹ ግማሹን ውሃ ውስጥ አቁመውት ነው የሚሰሩት። እኔ የመሙላቱ ነገር አያገባኝም፣ ቃጭል ነው የምሰራው። ግን ያቺ አንገቱ ብቻ የምትለዋ ነገር ትርጉሟ የገባኝ ድምፁ ከጠፋብኝ በኋላ ነው።

ከዛ በፊት አንድ የደነገጥኩበትን ነገር ልንገራችሁ። ከ23ቱ አንዷ ቂጧ ላይ ያለችው ትንሿ ቆብ፣ ያቺ መርፌው ሲመታት ፈንድታ ባሩዱን የምታቀጣጥለው፣ አልተመታችም ነበር። አረር የለም፣ ባሩድ የለም፣ ባዶ ናት፣ ግን መርፌው ያልነካት ቆብ አለችባት፣ አያቴ ለመሙላት አዘጋጅተዋት ሳትሞላ የቀረች ትሆናለች። ሳላይ ከሌሎቹ ጋር ከሰሉ ጠርዝ ላይ ደረደርኳት። ጧ! ማንደጃው ውስጥ ያለው ፍም በሙሉ ማድ ቤቱን ሞላው፣ ሹራቤ ሶስት ቦታ ተበሳ፣ ጎረቤት ያሉት እትዬ በአጥሩ ላይ "ምንድነው ልጄ?" ብለው ጮሁ፣ በዚ ጊዜ ደሞ እንደዚ አይነት ድምፅ ማሰማት ምን ማለት እንደሆነ ለኛ አካባቢ ሰው አልነግረውም። ከዛ ወዲህ እያንዳንዷን ቂጧን አይቼ፣ የመርፌ ምት እንዳላት በጣቴ ዳስሼ ካልሆነ እሳት አላስጠጋም። ሙሉ ጥይት ከሆነማ ጭራሽ አይነካም፣ አይፈታም፣ አይቆረጥም። ልጆች ከሜዳ ለቅመው የሚያመጡልኝንም አልቀበልም፣ እዛ ሜዳ ላይ ቀለህ የሚመስል ሌላ ነገርም አለ፣ እና ደሞ ጋሼ ይገዛል ከተባለ ሌሎቹም ይሄዳሉ። የክላሹ ደሞ አብዛኛው ቢፈለግም አይሰራም፣ ላይ ላዩን ተቀብቶ ነው እንጂ ብረት ነው፣ ማግኔት ብታስጠጉት ቸክ ይላል።

ከተመታችው ቆብ ውስጥ የሚቀረው እድፍ እንደ ሜርኩሪና እርሳስ ያለ መርዝ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚ ሳልቆርጥ በፊት በሳሙና ውሃ አጥባለሁ፣ ስሞርድ በደረቁ አልሞርድም፣ እጄን ሳልታጠብ እንጀራ አልነካም። አንዱ ዘመዴ ከቀለህ የአረቄ መለኪያ ስራልኝ ሲለኝ እምቢ ያልኩትም ለዛ ነው፣ ተቀይሞኛል፣ ይቀየም።

ቃጭሉን እንዴት ሰራሁት፣ የተሰነጠቀውን አንገት በሲጌቶ ቆርጬ ጣልኩ። የቀረው የአውራ ጣት የሚያህል ቱቦ ነው፣ በአንድ በኩል ድፍን ቂጥ፣ በሌላ በኩል ክፍት አፍ። ቂጡን መሀሉ ላይ በትራፓኖ በሳሁት፣ የምላሱ ሽቦ የሚያልፍበት። ከዛ አፉን ማስፋት ነው፣ አንድ ሾጣጣ የድሮ የበር ማጠፊያ ብረት ላይ ሰክቼ ዙሪያውን በመዶሻ ጠብ ጠብ ጠብ። አንድ ዙር ስመታ ድምፁ ይቀየራል፣ መዶሻው ከስር መንጠር ይጀምራል፣ ያን ጊዜ ጠንክሯል ማለት ነው፣ እሳት፣ ውሃ፣ እንደገና ጠብ ጠብ። 5 ጊዜ አለሰለስኩት። አራተኛው ላይ ስስት ይዞኝ አንድ ዙር ሳላለሰልስ ልጨምር ስል ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ጀመረኝ፣ በሞረድ በላሁት። አርብ ማታ አለቀ። "ቂል" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳየው ላዩ ላይ የመዶሻ ጠባሳ አለ፣ ቀለሙ ዝንጉርጉር ነው። አንድ ጊዜ በእሳት ላስተካክለው፣ ለእርጥቡም ለደረቁም ብዬ ሙሉውን ፍሙ ውስጥ ቀበርኩት፣ ደብዘዝ ብሎ ሲቀላ ቸስ፣ ከዛ በሎሚ ውሃ ቀቀልኩት። ሎሚው ጥቁሩን ያነሳዋል፣ ግን ናሱን ሮዝ ያረገዋል፣ ላዩ ላይ መዳቡ ብቻ ስለሚቀር ነው፣ በአመድና በጨርቅ ሲታሽ ቢጫው ይመለሳል። አሸሁት አሸሁት፣ አንፀባረቀ። አንጠለጠልኩት። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ሰኞ ወደ ጠባሴ አንድ የማውቃቸው አንጥረኛ ጋር ይዤው ሄድኩ። መስቀልና የበቅሎ ጌጥ ሲሰሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፣ አሁን አይናቸው ደክሞ ልጃቸው ነው የሚሰራው፣ እሳቸው ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰው ያያሉ። አባታቸው ጠይብ እየተባሉ በሰርግ ላይ ለብቻ ይቀመጡ እንደነበር፣ ምኒልክ ባለእጅ አይሰደብ ብለው ቢያውጁም ስድቡ አዋጁን ተሻግሮ እሳቸው ጋር እንደደረሰ አንድ ቀን አጫውተውኛል፣ እሱን ሌላ ቀን ለብቻው እፅፈዋለሁ።

ቃጭሉን ሰጠኋቸው። አላዩትም፣ ጆሯቸው አጠገብ ይዘው በጥፍራቸው መቱት። ዱብ።

"መጨረሻ ላይ እሳት አስነክተኸዋል" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ፣ እንዲያምር ብዬ ነው።"

"የት የት?"

"ሙሉውን ነዋ።"

ሳቁብኝ። ጥርስ የላቸውም ግን ሲስቁ ደስ ይላሉ። "የለሰለሰ ናስ አይጮህም ልጄ። ከንፈሩን ተመታ ተመታ እልህ ይዞት መቅረት አለበት። እሳት የሚያስፈልገው መሀል መንገድ ላይ ነው፣ መጨረሻው መዶሻ ነው።" ከዛ ልጃቸውን ጠርተው ትንሿን መዶሻ ተቀበሉ፣ ያቺን ፊቷ እንደ መስታወት የተወለወለች፣ ጉልበታቸው ላይ ያለ ብረት ላይ ሰክተው የአፉን ዙሪያ ብቻ፣ የአንድ ጣት ስፋት ያህል፣ ትን ትን ትን እያረጉ ዞሩት። ሀይል የለውም፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ነው የሚመስለው። አይናቸው በሩ ላይ ነው፣ ሰላም የሚላቸውን ሰው ይመልሳሉ፣ እጃቸው አንድም ቦታ አልደገመም አልዘለለም። ሁለት ዙር ዞሩትና ያዝ አሉኝ። ነካሁት። ቂልልልል። ከአርቡ ይበልጣል!

ቀለሁን ሲሰሩት አንገቱ ለስልሶ ቂጡ ይጠነክራል፣ ቃጭል ሲሆን ተገልብጦ ቂጡ ምንም ቢሆን ግድ የለውም፣ የሚጠነክረው አፉ ነው። ሶስት ሳምንት ስለ ቀለህ አንብቤ ይሄን እንዴት አላሰብኩትም ብዬ ራሴን ታዘብኩት። ስንት ነው ጋሼ ስላቸው "ሂድ ወደዛ" አሉኝ። በማግስቱ ሩብ ኪሎ ቡና ወሰድኩላቸው።

አሁን 15 ያልተሰነጠቁ ቀለህ አለኝ፣ ዝናሩ ውስጥ አልመለስኳቸውም፣ ለጊዜው በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ ከበቅሎም ከበግም ርቀው። አንገታቸውን በልኩ አሙቄ ውጥረታቸውን ላስለቅቅ ወይስ እንዳሉ ልተዋቸው የሚለውን አልወሰንኩም፣ 250 ዲግሪ አካባቢ ላይ ሳይቀላ ማስለቀቅ ይቻላል፣ ግን በፍም ላይ ቅላት የሌለውን ሙቀት በአይን መለካት አልችልም፣ የእህቴን የዳቦ ኦቨን ደሞ ከፀጉር ማድረቂያው በኋላ የምጠይቅበት ፊት የለኝም።

ቃጭሉ ጠቦቱ አንገት ላይ ገብቷል። እሁድ እህቴ ደውላ፣ ከለሊቱ አስር ሰአት ጀምሮ በረት ውስጥ ቂል ቂል እያለ እንቅልፍ ከልክሎናል፣ ልጅቷ እንዳታይ ውስጡ ጥጥ ወትፌበታለሁ አለችኝ።